እናታችንን በመርከብ ሽርሽር ልንወስዳት ነው፤ የሄዳችሁበት ምከሩን

የሸዋ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ጥር 14 ቀን 2017

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እናታችን 71 ዓመቷ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ ከመጣች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። አምስት ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተን በዚህ ዓመት ለአንድ ሳምንት በመርከብ ሽርሽር ልንወስዳት ተስማምተናል። ከልጅ ልጆቿ ጋር ዘጠኝ ሰው እንሆናለን። ባሕር አይታ አታውቅም። በአውሮፕላን ስትመጣም ሌሊት ስለነበር በመስኮቱ ጨለማ እንጂ ውኃ አላየችም።

ያልተስማማነው በመንገዱ ነው። ወንድሜ ከፍሎሪዳ የሚነሣውን፣ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የሚባለውን ከ7,000 በላይ መንገደኛ የሚይዝ መርከብ ለልጆቹ ማሳየት ይፈልጋል። እኅቴ ከባልቲሞር ይሁን፣ በራሳችን መኪና ደርሰን እንሳፈራለን ትላለች። የእኔ ልብ ከሲያትል ወደ አላስካ ከሚሄደው ላይ ነው፤ እናቴ ሙቀት አትወድም።

የሚያሳስበኝ ብዙ ነው። ግሪን ካርድ አላት፤ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። በየወደቡ ቪዛ ትጠየቃለች? ጾም አጥባቂ ናት፤ ምን ትበላለች? ጉልበቷን ያማታል። ነገሩን ስንነግራት መጀመሪያ የጠየቀችን «ውኃ ላይ ተኝቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳል?» ብላ ነው። የምታውቁትን ሳትሰስቱ ንገሩኝ።


መንገደኛው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ጥር 14 ቀን 2017

እኅቴ፣ መርከቡን ከመምረጥሽ በፊት ወረቀቱን ጨርሺ። በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። አባቴ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ከፍሎሪዳ ተነሥቶ በአምስተኛው ቀን የሚመለስ መርከብ ቆረጥንላቸው። ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንደሆነ ማናችንም ልብ አላልንም። ወደቡ ላይ ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን ገልጣ ካየች በኋላ «እኚህ ሰው ከወጡ መመለስ አይችሉም» አለችን። እውነቷን ነበር። መርከቡ የሌላ አገር ወደብ ነክቶ ሲመለስ ወደ አሜሪካ እንደ አዲስ መግባት ነው፤ የአባቴ ቪዛ ደግሞ መጀመሪያ ሲገቡ አገልግሎቱ አብቅቷል። ባለቤቴና ልጆቼ ሄዱ፤ እኔና አባቴ አምስቱን ቀን ሆቴል ተቀመጥን። አባቴ «በእኔ ምክንያት» እያሉ ሲያዝኑ መስማት ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ጎዳኝ።

የእናትሽ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወደ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጸደይ ጀምሮ ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈበት የአገሩ ፓስፖርትም ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ተመልከቺ። ማሳደስ የሚፈልግ ከሆነ ወራት እንደሚወስድ ቆጥረሽ ጀምሪ። ካናዳን የማነሣው ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱት ከሞላ ጎደል ሁሉም በካናዳ ወደብ ስለሚያልፉ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቪክቶሪያ። ምክንያቱ በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። በውጭ አገር ባንዲራ የተመዘገበ መርከብ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ሲመለስ በመካከል የሌላ አገር ወደብ መንካት አለበት፤ ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተመዘገቡት በውጭ ነው። የካሪቢያን ደሴቶች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ያንን ከመርከብ ድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ከየአገሮቹ ኤምባሲ ጠይቂ።

ሌላም የእኛ ሰው ልዩ ችግር አለ፤ ስም። እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በወረቀት ላይ የጋራ ስም የለንም። ወንድምሽ ወይም እኅትሽ የትዳር ጓደኛቸውን ትተው ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ የሰፈረበት፣ በውል አረጋጋጭ (ኖተሪ) የተረጋገጠ ደብዳቤ ይያዙ። የእናትሽ ስም በቲኬቱ ላይ በፓስፖርቱ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ግሪን ካርዷ ላይ በሌላ አጻጻፍ ከሆነ ሁለቱንም በእጇ ትያዝ።

ይህንን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ቃል፦ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነ ከሆነ፣ ወዳጅ «አምስት ቀን ነው፣ ማን ያውቃል» ቢላችሁ እንዳትሰሙት። አስቀድሞ የተሰጠ የመመለሻ ፈቃድ ሳይኖር መውጣት ማመልከቻን እንደ መተው ሊቆጠር ይችላል። ጠበቃችሁን ሳታማክሩ መርከብ ላይ እግራችሁን አታሳርፉ።


የጋልቨስተን መንገደኛ (ዳላስ)
ጥር 15 ቀን 2017

እኔ ከልጆቼ ጋር ከጋልቨስተን ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው በዚህ ነው።

የሚታየው ዋጋ ክፍሉን ሁለት ሰው እንደሚይዘው ታስቦ ለአንድ ሰው የተቆረጠ ነው። እናትሽን ለብቻዋ ክፍል ብትይዙላት የሁለት ሰው ያህል ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ከልጅ ልጇ ጋር ብትተኛ ግን ይቀላል፣ ለእሷም ማታ አጠገቧ ሰው ይኖራል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ትርኢቱና የልጆች መጫወቻው ከዋጋው ውስጥ ነው። ለስላሳና አልኮል መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ልዩ የሚባሉት ምግብ ቤቶች፣ ፎቶግራፍና የወደብ ጉብኝት ለብቻቸው ይከፈላሉ።

ከዚያ ለመርከቡ ሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻ አለ። በየቀኑ በየሰዉ ስም ይቆረጣል፤ በተለመዱት መርከቦች ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው። ለልጆችም ይቆረጣል። ዘጠኝ ሰው ለሰባት ቀን፣ በቀን 17 ዶላር ብታስቢው 1,071 ዶላር ነው። ይህንን ከመጀመሪያው በመዋጮው ላይ ካላካተታችሁት በመጨረሻው ቀን የሒሳብ ወረቀቱ ሲመጣ ወንድምና እኅት ፊት ለፊት መተያየት ያቅታቸዋል።

መርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ የክፍሉ ካርድ ከባንክ ካርድሽ ጋር ይያያዛል። የምታያይዢው ክሬዲት ካርድ ይሁን። በዴቢት ካርድ ከሆነ በየቀኑ ገንዘብ ይይዙብሽና የቤት ኪራይሽ ቀን ሲደርስ ሒሳብሽ ባዶ ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። እኔን ደርሶብኛል።


የሐረር ቡና (አትላንታ)
ጥር 15 ቀን 2017

ጉርሻውን እናስቀንስ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መጠየቂያ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ማስቀረትም ይቻላል። እባካችሁ አታድርጉት። እኔ ዘጠኝ ዓመት በሆቴል ክፍል አጽድቻለሁ። እነዚያ ልጆች ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ መጥተው ወራት ሙሉ ያለ ዕረፍት ቀን የሚሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ቡናው። እኔ ጀበናዬን፣ ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃና ዕጣኔን በሻንጣ ይዤ ሄጄ ነበር። ማታ ሻንጣዬ ሳይመጣ ሲቀር ወደ ጥበቃዎቹ ክፍል ጠሩኝ። ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማና ዕጣን፣ እሳት ወይም ጭስ ያለበት ሁሉ ክልክል ነው። ምድጃውንና ዕጣኑን ወስደው ስወርድ መለሱልኝ፤ ጀበናዋን ሰጡኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ባዶዋን ተቀመጠች። መርከብ ላይ እሳት ከማዕበል ይልቅ እንደሚፈራ ያኔ ነው የገባኝ። በቤት የተሠራ ምግብም አያስገቡም፤ እንጀራና ወጥ አታሽጉ። በፋብሪካ የታሸገ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን አልከለከሉኝም።

ለእናትሽ የተፈጨ ቡና በታሸገው ይዛችሁ ሂዱ፤ የፈላ ውኃ ሃያ አራት ሰዓት ይገኛል።


የምጽዋው ባሕረኛ (ሎስ አንጀለስ)
ጥር 16 ቀን 2017

ልጄ፣ የእናትሽ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔ በባሕር ኃይል ሳገለግል ምጽዋ የደረስኩት ከጎጃም ነበር፤ የመጀመሪያውን ሌሊት «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከባችን ላይ ሳድር እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ያገኘናት፣ ዕድሜዋን በጦርነት የጀመረች መርከብ ነበረች፤ ማዕበል ሲነሣ እያንዳንዱን በጎንሽ ትሰሚዋለሽ። የዛሬዎቹ የሽርሽር መርከቦች ከዚያች ጋር አይወዳደሩም። ከሆዳቸው ሥር በግራና በቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጋ ብረት አላቸው፤ መርከቡ ወደ ጎን ሊያዘነብል ሲል ያ ክንፍ ይይዘዋል።

ቢሆንም ክፍል ስትመርጡ ቦታውን ተመልከቱ። ሁለት ልጆች ግንድ ላይ ተሳፍረው ሲወዛወዙ አስቢ፤ ጫፍና ጫፉ ይነሣል ይወድቃል፣ መካከሉ ግን ብዙም አይነቃነቅም። መርከብም እንዲሁ ነው። ክፍሉ ከፊትና ከኋላ ሳይሆን ከመካከል፣ ከላይ ፎቆች ሳይሆን ከታች ይሁን። መካከሉ ለአሳንሰርም ቅርብ ስለሆነ ለጉልበቷ ይጠቅማታል፤ የእነዚህ መርከቦች መተላለፊያ እንደ ፒያሳ መንገድ ረጅም ነው።

የሚያቅለሸልሽ ሰው በባዶ ሆዱ አይቀመጥ፤ ደረቅ ዳቦ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ዝንጅብል ይብላ። ስልክና መጽሐፍ ይተው። ወደ ውጭ ይውጣና ዓይኑን ሰማይና ውኃው በሚገናኙበት መሥመር ላይ ይትከል፤ እሱ የማይነቃነቅ ብቸኛው ነገር ነው። ከሲያትል የሚነሡት ከሞላ ጎደል ሁሉም በቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ፣ ክፍት በሆነው ውቅያኖስ ስለሚያልፉ የመጀመሪያው ሌሊትና ማግስቱ ሊነቃነቅ ይችላል። ወደ አላስካ ደሴቶች ከገባችሁ በኋላ ውኃው እንደ ጣና ይረጋል።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ከመነሣታችሁ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ይደረጋል፤ ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ድምፅ ትሰማላችሁ። ወጣቶቹ በስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍተው አየነው ብለው ያልፉታል። እናንተ እናታችሁን ይዛችሁ እስከ መሰብሰቢያው ቦታ በእግር ሂዱ፣ መንገዱን ታውቀው። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. «ኮስታ ኮንኮርዲያ» ጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ አለት መትቶ 32 ሰው ሲሞት፣ በዚያው ዕለት የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ዛሬ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት የሚደረገው ከዚያ ትምህርት ተወስዶ ነው።


ፍኖት (ዴንቨር)
ጥር 17 ቀን 2017

ስለ ጾሙ፦ በዓለ ሃምሳን ተጠቀሙበት። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 1 ነው። በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የአላስካ መርከቦች የሚጀምሩት በሚያዝያ ስለሆነ ግንቦትን ብትይዙ እናታችሁ የፈለገችውን ትበላለች። በተጨማሪም ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በፊት ዋጋው ከሐምሌው ይቀንሳል። ልጆቹን ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ማስቀረት ካስቸገረ ግን ይህ አይሆንም።


ወለተ ሥላሴ (ላስ ቬጋስ)
ጥር 17 ቀን 2017

ፍኖት፣ ጾም ሸሽቶ መንገድ መምረጥ ልክ አይመስለኝም። እኔ በፍልሰታ ሄጄ ጾሜን ጠብቄ ተመልሻለሁ። ሰው ቆርጦ ከተነሣ ምግብ አያጣም።


ፍኖት (ዴንቨር)
ጥር 17 ቀን 2017

እኅቴ፣ መጾም የሚችል ይጹም፤ አከብራለሁ። እኔ ያልኩት 71 ዓመት ለሆናቸውና እንግሊዝኛ ለማይናገሩ እናት ነው። ችግሩ ምግብ ማጣት አይደለም፤ የተደበቀው ነው። ሩዙ በዶሮ መረቅ ይበስላል፣ ዳቦው ቅቤ ይቀባል፣ ሾርባው ውስጥ ወተት አለ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ያንን ስታውቅ ሳምንቱን በሙሉ ሙዝና ሰላጣ ብቻ በልታ ጨረሰች። ሳታውቅ መብላቷ አስለቅሷታል።


ወለተ ሥላሴ (ላስ ቬጋስ)
ጥር 18 ቀን 2017

ይህስ እውነት ነው፤ ይቅርታ። እንግዲያው እኔ ያደረግሁትን ልጻፍ። ከመሄዴ ከአንድ ወር በፊት ለድርጅቱ «ቪጋን» ብዬ አስመዘገብሁ፤ ያንን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፣ «ጾም» ብሎ ማስረዳት ግን ለዓሣና ለእንቁላል በር ይከፍታል። በየማታው አንድ ጠረጴዛና አንድ አስተናጋጅ ያዝሁ። የነገውን የምግብ ዝርዝር ማታውኑ ያመጣልኛል፣ እመርጣለሁ፣ ለብቻ ይሠሩልኛል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሕንዶች ነበሩ፤ ምስሩንና ሽምብራውን በቅመም ሠርተው ሲያቀርቡልኝ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ራስን አንሥቶ የሚበላበት አዳራሽ ግን ለጾመኛ አያስተማምንም፤ ማንኪያው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል።


ኡሙ ኢማን (ሚኒያፖሊስ)
ጥር 18 ቀን 2017

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሙስሊም ወገኖችም ስለሚያነቡ ልጨምር። ሥጋው ሐላል ነው ብላችሁ አትገምቱ። እኛ ከሁለት ወር በፊት ጽፈን ለእኛ ብቻ ሐላል ሥጋ አዘጋጁልን፤ ዘግይቶ ቢጠየቅ አይሆንም ነበር። መረቆቹ ውስጥ ወይን ጠጅ ስለሚገባ በየምግቡ ጠይቁ። ለሶላት ቂብላውን፣ የመካን አቅጣጫ፣ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው፤ መርከቡ ሌሊቱን ሲዞር ያድራል፣ የስልክ ኮምፓስ ደግሞ በብረቱ ብዛት ይሳሳታል። በክፍሉ ቴሌቪዥን መርከቡ ወዴት እንደሚጓዝ የሚያሳይ ካርታ አለ፤ እሱን እያየን እንሰግድ ነበር።


ነርሷ (ሲያትል)
ጥር 20 ቀን 2017

ባሕረኛው አባታችን የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። በመድኃኒቱ በኩል ልጨምር። የባሕር ሕመም ክኒን የሚዋጠው ከማቅለሽለሹ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ሆድ አይቀበለውም። ለአረጋውያን ግን ክኒኑ ያስተኛል፣ ያንገዳግዳል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ደግሞ አንዳንድ አረጋውያንን ግራ ያጋባል፤ የዓይን ግፊት ላለበትም አደገኛ ሊሆን ይችላል። የእናትሽን ሐኪም ሳትጠይቂ ከጎረቤት ተቀብለሽ እንዳትሰጪያት።

ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ ሒሳቡ ግን ከክፍላችሁ ካርድ ይቆረጣል። እናትሽ ገና አምስት ዓመት ስላልሞላት ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ አይኖራትም ብዬ እገምታለሁ። ላለውም ቢሆን ሜዲኬር መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት በላይ ሲርቅ አይከፍልም። ከመርከብ ወደ ሆስፒታል በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን መወሰድን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ፤ የቆየ ሕመሟን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጡ። አንዳንዱ ይህንን የሚሰጠው የመጀመሪያውን ክፍያ ከከፈላችሁ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ከገዛችሁት ብቻ ነው።

መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው ማታ ነው። እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። በየበሩ የሚረጩት አልኮል መርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት የሚያስነሣውን ኖሮቫይረስ በደንብ አይገድለውም። ደግሞም ሲያትል የምትመጡት ከመነሻው አንድ ቀን በፊት ይሁን፤ አውሮፕላን ቢዘገይ መርከብ አይጠብቅም።


ተሻጋሪው (ሐምቡርግ)
ጥር 24 ቀን 2017

ይህንን ውይይት ለቀናት ሳነበው ቆይቼ ነው። እኔ በባሕር የመጣሁ ሰው ነኝ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከሊቢያ በእንጨት ጀልባ ተነሥተን በሁለተኛው ቀን የጣሊያን መርከብ አነሣን። ከሥራችን፣ ከጀልባው ሆድ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አልተረፉም።

ባለቤቴ ጀርመን ነው ያገኘኋት። ልጆቻችን አደጉና የክፍል ጓደኞቻቸው በመርከብ እንደሄዱ እያወሩ ጠየቁን። ሜዲትራኒያንን እምቢ አልኋት፤ እዚያ ውኃ ላይ ለመዝናናት አልሄድም። ከኪል ወደ ኖርዌይ በሚሄደው ተስማማን። ልምምዱ ላይ ያ ረጅም ድምፅ ሲሰማ እግሬ ከዳኝ። አንዲት የመርከቡ ሠራተኛ አየችኝ፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ጀልባዎቹ ወሰደችኝና አንዷን አሳየችኝ። ክዳን አላት፣ ሞተር አላት፣ ውኃና ምግብ አላት፤ 150 ሰው የሚል ተጽፎባታል። ለእያንዳንዱ ሰው የመቀመጫ ምልክት አለ። ቆሜ መቀመጫዎቹን ቆጠርሁ። የእኛ ጀልባ ከዚህች ታንስ ነበር፣ ከ300 በላይ ነበርን።

የመጀመሪያውን ሌሊት ውጭ ቆሜ አደርሁ። በሁለተኛው ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ልጄ እጄን ይዛ በገደሎቹ መካከል ስናልፍ፣ ውኃውን እንደ ውኃ አየሁት። ሂዱ አልላችሁም፣ አትሂዱም አልልም። ግን ዘጠኝ ሰው ስትሆኑ ከመካከላችሁ በባሕር የመጣ ካለ፣ ቲኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ለብቻው ጠይቁት። በሰው ፊት ከጠየቃችሁት እሺ ይላችኋል።


የሸዋ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ጥር 25 ቀን 2017

ወንድሜ ተሻጋሪው፣ ያነበብሁት ሌሊት ነው፤ እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍስ ይማር። የእኅቴ ባለቤት በዚያ መንገድ የመጣ ነው። እኛ ማናችንም አልጠየቅነውም ነበር። ዛሬ እኅቴ ለብቻው ጠየቀችው። «አላስካ ከሆነ እሞክራለሁ» አለ። በዚህ መንገዱ ተወሰነ።


የሦስት ልጆች አባት (ሂዩስተን)
የካቲት 2 ቀን 2017

የእናትሽን ሰዓት ተመልከቺ! የእጅ ሰዓቷ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ማለቴ ነው። ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ላይ ስንወርድ «4:30 ተመለሱ» የሚል ተለጥፎ ነበር። አባታችን አነበቡት፤ ለእሳቸው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ስጦታ ልግዛ ብለው ለብቻቸው ወጡ። መርከቡ ሊነሣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገበያው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሻጭ ጋር በምልክት ሲጫወቱ አገኘናቸው። መርከቡ በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ስልክ ደግሞ ወደብ ሲደርስ ራሱን ወደ አገሩ ሰዓት ይለውጣል። ሁለቱ የአንድ ሰዓት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። በራሳችሁ ታክሲ ሄዳችሁ ብትዘገዩ አይጠብቃችሁም፤ የሚጠብቀው መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የወጡትን ነው።

ስልኩንም ከወደብ ስትወጡ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። የመርከቡ የሳተላይት መሥመር በደቂቃ የሚያስከፍለው ያስደነግጣል።


የሸዋ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ግንቦት 22 ቀን 2017

ተመለስን። ለሁላችሁም ልንገራችሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

ከአንድ ቀን በፊት ሲያትል ገባን፤ የአክስታችን ልጅ እንጀራ አብልታ አሳደረችን። ወደቡ ላይ የእናቴ ስም በግሪን ካርዱ በአንድ ፊደል ስለሚለይ አርባ ደቂቃ አቆሙን። መንገደኛው እንዳልከው ሁለቱንም በእጇ ይዛ ስለነበር ተፈታ። ያን ምክር ባላገኝ ኖሮ ፓስፖርቱ ሻንጣ ውስጥ ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት ተነቃነቅን፤ እኅቴና ሁለቱ ልጆች አስታወኩ። እናቴ ተኛች። ጠዋት «እንደ በቅሎ ነው፤ ከእሱ ጋር ከሄድሽ አይጥልሽም» አለችን። የእኅቴ ባለቤት ልምምዱ ላይ በባሕረኛው አባታችን ምክር መሠረት ሄዶ፣ ጀልባዎቹን አይቶ ተመለሰ። ምን እንደተሰማው አልጠየቅነውም። በሦስተኛው ቀን ከልጁ ጋር ገንዳ ውስጥ ገብቶ አየሁት።

ጁኖ ላይ ሜንደንሆል የሚባለውን የበረዶ ግግር አየን፤ መንገዱ ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል፤ እኛ ለጉልበቷ አስቀድመን ጠይቀን ተሰጥቶን ነበር። ስካግዌይ ላይ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ተራራውን የሚወጣው የድሮ ባቡር አለ፤ ግንባታው በ1898 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ዋሻውን ሲያልፍና ገደሉ ከታች ሲታይ እናቴ «ጣርማ በር!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ውስጥ ላሉት ሁሉ ስለ ጣርማ በር አስተረጎመችን። ዋጋው ውድ ነው፤ ከሌላው ሁሉ ቀንሳችሁ ለእሱ አውጡ።

ግሌሸር ቤይ ከሁሉ ይበልጣል። ወደ ባሕረ ሰላጤው በቀን ከሁለት በላይ ትልቅ የሽርሽር መርከብ አይገባም፤ የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው ያስረዳሉ። ግግሩ ፊት ስንደርስ ሞተሩ ዝግ አለ። የበረዶው ግድግዳ ሲናድ መጀመሪያ ዓይን ያየዋል፣ ድምፁ ቆይቶ እንደ ነጎድጓድ ይመጣል። እናቴ ነጠላዋን አመሳቅላ ቆማ ነበር። ብርዱ ለእሷ ምንም አልነበረም፤ እኛ ነን የተንቀጠቀጥነው። ሌላው ያስደነቃት ቀኑ አለመምሸቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ የማታ ጸሎቷን በብርሃን አደረሰች።

ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ከፊሊፒንስ ነበር። በየጠዋቱ ስትመርቀው ምን እንደምትለው ጠየቀን፤ ነገርነው። እሱም እናቱን ካያት ስምንት ወር እንደሆነው ነገረን። በመጨረሻው ቀን ከተቆረጠው ጉርሻ ሌላ ከቦርሳዋ ሃያ ዶላር አውጥታ በእጁ አስጨበጠችው፤ እኛ የሰጠናት የኪስ ገንዘብ ነበር።

ቪክቶሪያ የደረስነው ማታ ነው፤ ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ። ያላማረን ኢንተርኔቱ ነው። ለዘጠኝ ሰው መግዛት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ስልክ ይበቃል፣ ተራ በተራ ደብረ ብርሃን ላለችው አክስታችን ይደወላል።


ፍኖት (ዴንቨር)
ግንቦት 22 ቀን 2017

እንኳን በደኅና ተመለሳችሁ። እኔም እናቴን ለሚመጣው ዓመት እያሰብሁ ነው። ክፍሉን የት ያዛችሁ? በረንዳ ያስፈልጋል?


የሸዋ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ግንቦት 23 ቀን 2017

ስድስተኛ ፎቅ፣ መካከል፣ ከአሳንሰሩ አራተኛው በር። በረንዳ የያዝነው ለእናቴ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን መስኮት በሌለው አደርን፣ ቀን ቀን ሁላችንም እሷ ጋር ተሰብስበን ነበር። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ በፔርሙዝ ያፈላነውን ቡና ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ሁለት ዓሣ ነባሪዎች አጠገባችን ሲተነፍሱ ያየቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ እኛ ተኝተን ነበር።